የጀጎል ቤቶችና መስጊዶች፦ የጠፉትና ገና ያልጠፉት





በእንዲህ ያለ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ስለ ዑለሞቻችን፣ ስለ አሚሮቻችንና ስለ ወልዮቻችን መጻፍ የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። እነዚያ ታላላቅ ሰዎች የሰገዱባቸው፣ ያስተማሩባቸውና የኖሩባቸው ቤቶች ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይታለፋል። የሰው ስም በኪታብ ተጽፎ ለትውልድ ሊቆይ ይችላል፤ ግድግዳ ግን አንዴ ከፈረሰ የሚመልሰው የለም። ስለሆነም ይህ አጭር ጽሑፍ በሐረር ጀጎል ውስጥ ስለ ጠፉትና ዛሬም ስላሉት ቤቶችና መስጊዶች ያወሳል። እያነበባችሁ ሳለ አንድ ጥያቄ በልባችሁ ያዙ፦ እነዚህ ቤቶች የጠፉት በማን እጅ ነው? እ.ኤ.አ. ተብለው ካልተመለከቱ በቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናሳውቃለን።

የከተማዋ አሠራር

እንደሚታወቀው ሐረር የአዳል ሱልጣኔት መቀመጫ የሆነችው ሱልጣን አቡበክር ኢብን ሙሐመድ እ.ኤ.አ. በ1520 መንግሥታቸውን ወደዚህች ከተማ ባዛወሩ ጊዜ ነው። ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሞት በኋላ በዚያው 16ኛ መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ሥልጣን የያዙት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ከተማዋን ከጥቃት ለመጠበቅ ዙሪያዋን በግንብ አጠሩ። ጀጎል የምንለው ይኸው ግንብ ሲሆን፣ ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አምስቱ ጥንታዊ በሮቹ አስመዲን በሪ፣ በድሮ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ አርጎብ በሪና አሱም በሪ ናቸው፤ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር እየተባሉ ይጠራሉ። የከተማዋ አምስት ሰፈሮችም በእነዚሁ በሮች ስም ይታወቃሉ።

በግንቡ ውስጥ ያለው ስፍራ 48 ሄክታር ያህል ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 (በሐምሌ 1998) ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በዚህ ጠባብ ቦታ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መቃብሮች መኖራቸውን ገልጿል። ከመስጊዶቹም ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበሩ መሆናቸው በዚሁ መዝገብ ተመልክቷል። አንባቢ ይህን ቁጥር ልብ ሊለው ይገባል። 82 መስጊድ በ48 ሄክታር ማለት ማንም ሰው አዛን ሰምቶ ከቤቱ ሲወጣ ከጥቂት እርምጃ በላይ ሳይሄድ ከጀመዓ ጋር ይሰግዳል ማለት ነው። የጀጎል መስጊዶች አብዛኞቹ ትናንሽ የሆኑት ሠሪዎቻቸው አቅም ስላነሳቸው ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ የተሠራው ለሰፈሩ፣ በሰፈሩ ሰው ልክ ነው።

የቤቱ አሠራርና ትርጉሙ

በሐረሪ ቋንቋ ጌይ ጋር፣ ማለትም የከተማ ቤት የሚባለው መኖሪያ ከውጭ ሲታይ ድንጋይና ጭቃ ብቻ ይመስላል። ወደ መንገድ የሚመለከት መስኮት የለውም ለማለት ይቻላል፤ የሚከፈተው ወደ ግቢው ነው። የቤተሰቡ ገበና ከአላፊ አግዳሚ ዓይን እንዲጠበቅ ሆኖ የታነጸ ቤት ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ዓለም ይገጥማል። በዋናው ክፍል ውስጥ አምስት መደቦች አሉ፤ በሐረሪ ነደባ ይባላሉ። አሚር ነደባ፣ ግድር ነደባ፣ ጢት ነደባ፣ ገብቲ ኣኸር ነደባና ሱትሪ ነደባ እየተባሉ ሲጠሩ፣ ከፍታቸውና አቀማመጣቸው የተለያየ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል፤ የክብሩ ቦታ፣ የእንግዳው ቦታ፣ ከበሩ ኋላ ያለው የመልእክተኛው ቦታ ሁሉም የታወቀ ነው። ወለሉና መደቦቹ በቀይ አፈር ይቀባሉ፤ በዚህ ቀይ ቀለም በ1879 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም ይታሰብበታል የሚል ትውፊት አለ። ግድግዳው ላይ በተሠሩት ጎድጓዳ መደርደሪያዎች ቁርኣንና ኪታቦች ይቀመጣሉ፤ ከበላያቸው እናቶች በእጃቸው የሰፏቸው ስፌቶች ይሰቀላሉ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚሰቀለው ምንጣፍ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ያሳውቃል። ኪርታት የምትባለው ትንሽ ክፍል ደግሞ የአዲስ ሙሽሮች ማረፊያ ናት።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት ሲፈርስ የሚጠፋው የድንጋይ ክምር ብቻ አይደለም። ልጅ ለታላቁ ቦታ መልቀቅን የሚማረው፣ እንግዳ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቀው በዚሁ መደብ ላይ ነበር። በአራት ማዕዘን ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ያደገ ልጅ ይህን ሥርዓት በቃል ካልነገሩት በቀር ከቤቱ ሊማረው አይችልም።

በመንግሥት ለውጥ የጠፉት

ከቀደምቶቹ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ወደ ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ሲቆይ አሚሩ አሕመድ ኢብን አቡበክር ነበሩ። ይህ መንገደኛ የአሚሩን ግቢ ሲገልጽ ከድንጋይና ከቀላ ጭቃ የተሠራ፣ አንድ ፎቅ ብቻ ያለው፣ መስኮት የሌለው ረጅም ቤት አድርጎ ጽፎታል። ስለ ጃሚዕ መስጊድም ሁለት በኖራ የነጡ ሚናራዎች እንደነበሩት ገልጿል። ንቀት ባልተለየው ብዕሩ ቢጽፈውም ያ ጽሑፍ ዛሬ ለእኛ ማስረጃ ሆኗል፤ ምክንያቱም በርተን ያየው የአሚር ግቢ ፈርሷል፣ ጃሚዕ መስጊድም በየዘመኑ እየሰፋና እየታደሰ መልኩ ተለውጧል።

በ1868 የግብፅ ጦር በራዑፍ ፓሻ መሪነት ከተማዋን ያዘ። ግብፆች እስከ 1877 ድረስ ሲቆዩ በፈረስ መጋላ መስጊድ አሠርተው ነበር። ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከተማዋ በ1879 በአጼ ምኒልክ እጅ ስትወድቅ ያ መስጊድ ቀረ፤ በስፍራውም የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ይህን የምንጽፈው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ዛሬ በጀጎል ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ ታሪክ ግን እንደነበረ ካልተነገረ ታሪክ አይባልም።

በራስ መኮንን ዘመን የህንድ ነጋዴዎችና ግንበኞች ወደ ሐረር በብዛት መጡ። እነርሱ የሠሯቸው ባለ ፎቅና የእንጨት ሰገነት ያላቸው ቤቶች ዛሬ ራሳቸው ጥንታዊ ሆነዋል። በ1895 ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ግን ንግዱ ቀስ በቀስ ወደዚያ ወረደ። ይህም ሁለት ውጤት ነበረው። በአንድ በኩል የከተማዋ ሀብት ቀነሰ። በሌላ በኩል ደግሞ አዲስ ሕንፃ የሚተክለው ገንዘብ ወደ ድሬዳዋ ስለሄደ የጀጎል አሮጌ ቤቶች ለማፍረሻ የሚፈልጋቸው ሳይኖር ቆዩ። ጣሊያን በያዘበት ዘመንም አዲሱ ከተማ የተስፋፋው ከግንቡ ውጭ በምዕራብ በኩል ነው። ለመኪና መግቢያ የሚሆነው ስድስተኛው በር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተከፍቶ ሰፊው መንገድ እስከ ፈረስ መጋላ ሲዘልቅ፣ የቀረው ጀጎል በጠባብ መንገዶቹ እንዳለ ጸንቷል።

ባለቤት ያጡ ቤቶች

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥፋት በጦር አልነበረም። በ1940 ከኩሉብ እንቅስቃሴ ጋር በተያያዘ ብዙ የከተማዋ ተወላጆች ታሰሩ፣ ንብረት ተወረሰ፤ ብዙ ቤተሰብም ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ተሰደደ። ቤቱን የሚያውቀው ሰው ከቤቱ ራቀ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። ከአንድ መኖሪያ በላይ ያለው ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራያቸውም በአዋጅ ዝቅ ተደረገ። ለተከራዩ ድሃ ይህ እፎይታ እንደነበር መካድ አይገባም። ነገር ግን በተሰበሰበው ኪራይ ቤቱን ማደስ አልተቻለም። ተከራዩ የራሱ ያልሆነውን ጣሪያ አያድስም፤ ባለቤት የነበረውም የተወሰደበትን አያድስም፤ ቀበሌውም ገንዘብ የለውም። በየግቢው ተጨማሪ ቤተሰብ ሲገባ ሰፊው ክፍል በግርግዳ ተከፈለ፣ ነደባው ለወጥ ቤት ሆነ።

የዚያው ዓመት የገጠር መሬት አዋጅና ይኸው የከተማ ቤት አዋጅ መስጊዶችንም ነክተዋል። ቀደም ሲል የጀጎል መስጊዶች ለጥገናቸው የሚሆን ወቅፍ ነበራቸው፤ ከእርሻ ወይም ከኪራይ የሚገኝ ገቢ ነበር። ያ ገቢ ሲቋረጥ የመስጊዱ ጣሪያና ግድግዳ በጀመዓው ኪስ ላይ ወደቀ። ወቅፍ የተባለው ነገር ጥበቡ እዚህ ላይ ይታያል። ቀደምቶቻችን መስጊድ ሲሠሩ መስጊዱን የሚጠግነውን ገንዘብም አብረው ይተክሉ ነበር። ሕንፃ ብቻውን ተሠርቶ እንደማይቆም ያውቁ ነበር።

በበጎ እጅ የሚጠፉት

ውድ አንባቢያን፣ በመጀመሪያ ላነሳነው ጥያቄ መልሱ በጦርና በአዋጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ በጨረስነው ነበር። ሦስተኛው የጥፋት መንገድ ግን ዛሬም በእኛው እጅ የሚሠራ፣ ብዙውን ጊዜም በበጎ ሐሳብ የሚሠራ ነው።

የጌይ ጋር ጣሪያ የሚሠራው በጥድ ወራጅ ላይ አፈር ተደምድሞ ነው። ይህ ጣሪያ በየዓመቱ ከክረምት በፊት መጠገን፣ ስንጥቁ መደፈን፣ ውሃ መውረጃው መጠረግ ይፈልጋል። አንድ ዓመት ሲዘለል ውሃ ይገባል፤ ሁለት ዓመት ሲዘለል ወራጁ ይበሰብሳል፤ በሦስተኛው ጣሪያው ይወርዳል። ጥድ በተወደደበት፣ ጣሪያ የሚደመድም ባለሙያ በጠፋበት ዘመን ሰው ወደ ቆርቆሮ ማዘንበሉ አያስወቅስም። ቆርቆሮው ግን የቤቱን ቅዝቃዜ ያጠፋል፣ ከተማዋንም ከላይ ሲያዩአት ሌላ ያስመስላታል።

ከቆርቆሮው ይልቅ ጉዳቱ የከፋው ሲሚንቶ ነው። የጀጎል ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ስለሆነ እርጥበት ከመሬት ይስባል፣ በኖራው ልስን በኩል ደግሞ ያስወጣዋል፤ ይተነፍሳል እንደማለት ነው። በሲሚንቶ ሲለሰን ወይም በዘይት ቀለም ሲቀባ ግን እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል። ከውጭ ያማረና የጠነከረ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ጭቃ ግን እየላላ ይሄዳል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልስኑ እያበጠ ሲረግፍ «ግድግዳው አርጅቷል፣ ይፍረስ» ይባላል። ያስረጀው ዕድሜው ሳይሆን ጥገናው መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። በጭቃ በተገነባ ግድግዳ ላይ የአርማታ ፎቅ መጫንም እንዲሁ ነው።

በሌሎች ከተሞች የደረሰውንም እንመልከት። በ2016 በአዲስ አበባ በፒያሳና በአካባቢው ለመንገድና ለልማት ተብሎ በርካታ አሮጌ ቤቶች በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈርሰዋል። በመካም ዑስማኒያዎች በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያሠሩት የአጅያድ ምሽግ በሐረም አጠገብ ለሚሠሩ ረጃጅም ሕንፃዎች ቦታ እንዲለቅ እ.ኤ.አ. በ2002 ፈርሷል። እዚያ ያፈረሰው የሙስሊም መንግሥት ነው፣ ለሑጃጅ ማረፊያ የሚል ምክንያትም ነበረው። ምክንያት የሌለው ማፍረስ በየትም አገር አልተገኘም።

ስለ መስጊዶቻችን

ይህ ነገር በቀጥታ ወደ እኛ ወደ ጀመዓው ይመጣል። ሰጋጁ በዝቷል፤ የጁምዓ ቀን ሰው መንገድ ላይ እስከ መስገድ ደርሷል። በውጭ አገር ያሉ ወንድሞችና እህቶች ለመስጊድ መሥሪያ ገንዘብ ሲልኩ አጅር ፈልገው ነው። አሮጌዋን መስጊድ አፍርሶ ባለ ሰፊ አዳራሽና ባለ ረጅም ሚናራ መሥራት ለብዙዎች ትልቁ ኸይር ሥራ ሆኖ ይታያል።

«ኢስላም ድንጋይን አያከብርም፤ መስጊድ የሚከበረው በሶላቱ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። አነጋገራቸው እውነት አለው። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ በመዲና መጀመሪያ ሲሠራ ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያውም የተምር ዝንጣፊ ነበር። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) አስፉት፤ ኸሊፋ ዑስማን (ረ.ዐ.) ደግሞ በተጠረበ ድንጋይ እንደገና አሠሩት። ስለዚህ መስጊድን ማስፋት ከቀደምቶች የወረስነው ነገር ነው፤ ማንም ሊከለክለው አይችልም።

ሆኖም አንድ ነገር እናስተውል። ያ የመጀመሪያው መስጊድ ዛሬ ባይታይም ምሰሶው ከምን፣ ጣሪያው ከምን እንደነበር እናውቃለን። ያወቅነው ያዩት ሰዎች በጥንቃቄ ስለነገሩን፣ የሰሙትም በጥንቃቄ ስላስተላለፉልን ነው። አንድም ጉዳይ ሳይመዘገብ እንዲያልፍ አልፈቀዱም። በእኛ ከተማ ግን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረች መስጊድ ስትፈርስ ስፋቷን የለካ፣ መልኳን ያነሳ፣ የመሠራቷን ታሪክ ከሽማግሌ ጠይቆ የጻፈ ሰው ሳይኖር ይቀራል። የቀደምቶቹን ፈለግ እንከተል ካልን በማስፋቱ ብቻ ሳይሆን በመመዝገቡም ልንከተላቸው ይገባል።

ምን እናድርግ?

ስለሆነም ለጀመዓው ውይይት የሚከተሉትን ነጥቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ማንኛውም የማፍረስ ወይም የማስፋት ሐሳብ ሲነሳ ከሥራው በፊት መስጊዱ በየማዕዘኑ ፎቶግራፍ ይነሳ፣ ይለካ፣ ንድፉም በወረቀት ይውጣ። ይህ ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ ይጠየቅ። በ1992 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ የያዘ ማንኛውም አካል እንዲጠብቀው ያስገድዳል፤ ያለ ፈቃድ መለወጥንም ይከለክላል። ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ይህ ግዴታ በእያንዳንዳችን ላይ አለ።

ሦስተኛ፣ ቦታ ከጠበበ ከአሮጌው ጎን ማስፋት ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ ይጠና። አሮጌዋ ክፍል ለዘወትር ሶላት፣ ለቁርኣን ትምህርት ወይም ለኪታቦች ማስቀመጫ ልትሆን ትችላለች። በከተማችን የተረፉት ሕንፃዎች አገልግሎት ያገኙት ናቸው። ራስ ተፈሪ የኖሩበት የሚባለው የህንዶች ሥራ ቤት ለረጅም ጊዜ ከተጎሳቆለ በኋላ ታድሶ የሸሪፍ ሙዚየም ሆኗል። የራምቦ ቤት የሚባለውም ገጣሚው እ.ኤ.አ. በ1891 ከሞተ በኋላ በህንድ ነጋዴ የተሠራ ቢሆንም ሙዚየም ስለሆነ ቆሟል። ሥራ ያለው ቤት ባለቤት አያጣም።

አራተኛ፣ ግድግዳው በኖራ ይለሰን፤ ከሲሚንቶና ከዘይት ቀለም ይጠበቅ። ጣሪያ መደምደም የሚያውቁ አረጋውያን ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ ወጣቶች ከእነርሱ ይማሩ።

አምስተኛ፣ ከክረምት በፊት አንድ የጣሪያ ቀን ይወሰን። አፎቻዎቻችን ለሠርግና ለቀብር ሰውን ሲያሰባስቡ ኖረዋል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተቸገረ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የትኛው ቤት ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ባለቤቷ ባልቴት ሆና የሚጠግንላት እንዳጣችም ያውቃሉ። ለቀብር የሚወጣው ጀመዓ በዓመት አንድ ቀን ለቤት ጥገና ቢወጣ ከማንኛውም እርዳታ የበለጠ ነው። ለመስጊዱም ከሚሰበሰበው መዋጮ የተወሰነው ለጥገና ብቻ ተለይቶ ቢቀመጥ የቀደምቶቻችንን የወቅፍ ጥበብ በአቅማችን መልሰን ተከልን ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የአሚሩን ግቢ ያጠፋው የመንግሥት ለውጥ ነው፤ ለዚያ እኛ አንጠየቅም። ነደባውን በግርግዳ የከፈለው የቤት እጦት ነው፤ ለዚያም የምንወቅሰው አንድ ሰው የለም። የቀሩት ቤቶችና የቀሩት መስጊዶች ጉዳይ ግን በእኛ ስብሰባ፣ በእኛ መዋጮና በእኛ ውሳኔ ላይ ነው። የሚቀጥለው ክረምት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዳችን የራሳችንን ጣሪያና የሰፈራችንን መስጊድ ጣሪያ ወጥተን እንመልከት።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤቶቹን ያነጹልንን ይማርልን፤ ለእኛም የተቀበልነውን አማና ጠብቀን ለልጆቻችን የምናስረክብበትን ተውፊቅ ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።